ላስቲኩ ያልተነሣ መስኮት

አክስቴ እትዬ አስናቀች ከሞጣ ደውለው «ኬሚስትሪሽ ተፈልጓል፤ ነገውኑ ነይ» ሲሉኝ ሥራ የተገኘልኝ መሰለኝ። ማን እንደፈለገው፣ ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁም። ታላቅ ሰው ሲያዝዝ መጠየቅ አልለመደብኝም፤ እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ስልኩን ዘጉት።

መንገዱ ክፍት የነበረበት ሳምንት ነው። አባቴ ቢቸና መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ለምረቃዬ የተገዛልኝን ጥቁር ኮት ለብሻለሁ። ዲግሪዬን በካኪ ፖስታ፣ ፖስታውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በቦርሳዬ ውስጥ ያደረገው አባቴ ነው። ዲግሪው ራሱ ላሚኔት ተደርጓል። የተመረቅሁ ሰሞን አባቴ ከእጄ ተቀብሎ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰደውና በወፍራም ፕላስቲክ አሳሽጎት መጣ። «ከእንግዲህ ውኃ ቢፈስበት፣ አቧራ ቢያርፍበት ምንም አይሆንም» አለ። እንዳለውም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲግሪዬ ምንም አልሆነም፤ እኔም ምንም አልሆንኩም።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ድረስ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ይዤ ስለ ራሴ የምናገረውን በልቤ አጠናሁ። የአክስቴን በር ሳንኳኳ የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው ባልዲ ይዘዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ክው አሉ።

«ማን ሞቶብን ነው?»

«ማንም አልሞተ፣ እትዬ።»

«እና ይኼ ጥቁር ምንድን ነው?»

«ለቃለ መጠይቁ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለሥራው። ኬሚስትሪሽ ተፈልጓል ብለውኝ…»

«ተፈልጓል እንጂ!» አሉና ባልዲውን አስጨበጡኝ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ቤቱ ግንባር አመለከቱ። «ያውልሽ፤ እነዚያን አንጪልኝ።»

ያመለከቱት መስኮቶቹን ነበር።

የአክስቴ መስኮቶች በሰፈሩ የታወቁ ናቸው። ሰዉ ሁሉ የብረት መስኮት ሲያስገባ ባለቤታቸው ጋሽ ስጦታው፣ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ነጭ የፕላስቲክ መስኮት ከአዲስ አበባ አስጭነው አመጡ። ዓባይ ድልድይን እንደተሻገሩ መኪናውን አስቁመው፣ በፍራሽ የተጠቀለሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ እየዳሰሱ እንዳልተጫሩ አረጋግጠዋል። ይህን ታሪክ በየዓመት በዓሉ ሰምቼዋለሁ። በተነገረ ቁጥር ገደሉ ይጠልቃል፤ መስኮቱም ይነጣል።

የቤቱ ዋና ኩራት ግን መስኮቱ ራሱ አይደለም፤ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ነው። ፋብሪካው ፍሬሙ እንዳይጫር ብሎ የለጠፈው፣ ሰማያዊ የውጭ ጽሑፍ ያለበት ስስ ነጭ ላስቲክ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አልተነሣም። አክስቴ ቤት ላስቲኩ የሚነሣለት ዕቃ የለም። ሶፋው እስከ ላስቲኩ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሊነሣ ሲል ሶፋው አብሮት ሊነሣ ይሞክራል። የፍሪጁ በር ላይ የመደብሩ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ሪሞቱ እንደ አራስ ሕፃን ስለተጠቀለለ ቁጥሮቹ አይታዩም፤ ጣቢያ የሚቀየረው በግምት ነው። አንድ ቀን ጋሽ ስጦታው ዜና ሲፈልጉ ኳስ አግኝተው፣ እሱኑ እስከ መጨረሻው በትሕትና ሲያዩ ደርሼባቸዋለሁ።

ፀሐዩና አቧራው ግን ለመስኮቱ ላስቲክ ይህን ያህል ክብር አልሰጡትም። በተለይ በመንገዱ በኩል ያሉት መስኮቶች ያረጀ ጥርስ መስለዋል። ባልዲውን እንደያዝኩ ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ከሰማያዊው የውጭ ጽሑፍ ሥር በደቃቅ ፊደል እንግሊዝኛ አለ። አነበብኩትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«እትዬ፣ መስኮቱ እኮ አልቆሸሸም። የቆሸሸው ላስቲኩ ነው። መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ ይህን ላስቲክ አንሡት ይላል» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚለው?»

«ፋብሪካው። እዚህ ላይ ተጽፏል።»

«ፋብሪካው ሞጣን ያውቃታል?»

«አያውቃትም።»

«አቧራችንን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«ታዲያ ለራሱ አገር የጻፈውን ለእኔ ምን አድርጊው ብለሽ ነው የምታነቢልኝ?» አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ጽሑፉ ከተነሣ የውጭ ዕቃ መሆኑን ማን ያምነኛል? ማዶ ያለችው የወልደ ሰንበት ሚስት ታምነኛለች? እኔ ላስቲኩን አንሺ አላልኩሽም፤ ላስቲኩን አንጪ ነው ያልኩሽ።»

እዚያው ዞሬ ወደ መናኸሪያ እንዳልመለስ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነው። አቶ ይታያል የሚባል ሰው ሞጣ ላይ የግል የጤና ኮሌጅ ሊከፍት ቤት እየፈለገ ነው። እሑድ መጥቶ የእሳቸውንና የማዶውን፣ የወልደ ሰንበትን ቤት አይቶ ይመርጣል። የእሳቸውን ከመረጠ እነሱ ወደ ሰርቪሱ ይገባሉ፤ ኮሌጁ ደግሞ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

«በእኔ ቤት የምታስተምረው የእኔ የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ። «ሌላ ሰው አላስገባም፤ ውሉ ላይ አጽፈዋለሁ። መስኮቱ ግን ይንጣልኝ።»

ቢቸና ውስጥ ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቀው አባቴ «ልትጠራ ነው» ይላል። ማን እንደሚጠራኝ ተናግሮ አያውቅም፤ ጎረቤቶቹም መጠየቁን ትተው በአንገታቸው ብቻ «አይዞህ» ማለት ጀምረዋል። እነሱ አንገታቸውን ሲነቀንቁ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ የአንገት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ። ስለዚህ ኮቴን አወለቅሁና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

የመጀመሪያው መድኃኒት የጥርስ ሳሙና ነበር። ያመጣችው ፀሐይነሽ ናት፤ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት። ፀሐይነሽ ስልኳ ላይ ያላየችው ሙያ የለም። ኬክ ያለ እንቁላል፣ ፀጉር በሽንኩርት፣ ቦርጭ በዝንጅብል፤ ሁሉንም አይታዋለች፤ አንዱንም ሠርታው አታውቅም።

«ቲክቶክ ላይ አንዲት ሴትዮ በጥርስ ሳሙና እንዲህ እንዲህ ስታደርገው ወተት አይደል እንዴ የመሰለው!» አለች።

«የሴትዮዋ መስኮት ላስቲክ አለው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን አላየሁም፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልፈው።»

በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈተግሁ። አክስቴና ፀሐይነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ «ከዚህ በኩል ቀረሽ»፣ «ከዚያ በኩል ሳትሽ» ይሉኛል። በመጨረሻ በውኃ ስናጥበው ቢጫው እንዳለ ነበር። መስኮቱ አልነጣም፤ አፉ ግን ደኅና ሸተተ።

ቀጥሎ ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር መጣ። ዱቄቱ ላይ ሎሚው ሲጨመቅበት አረፋው ተንቸፈቸፈ።

«ያዢው! ያዢው! እየሠራ ነው!» ብላ ፀሐይነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

አረፋው ሎሚውና ዱቄቱ እርስ በርስ የሚጨራረሱበት እንጂ ቆሻሻውን የነኩበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ተቀምጫለሁ። አክስቴ ግን አረፋውን እያዩ ፊታቸው በርቶ ነበርና ዝም ብዬ ሌላ ሎሚ ቆረጥኩ።

በማግስቱ በረኪና እንድገዛ ሀሲና ሱቅ ተላክሁ። ሀሲና ከመደርደሪያዋ ጀርባ ሆና ገና ስታየኝ ሳቀች።

«ዛሬስ ምን ታዘዘ?»

«በረኪና።»

«ትናንት ሎሚ፣ ከዚያ በፊት የጥርስ ሳሙና። እውነቱን ንገሪኝ፤ መስኮት ነው ወይስ ሙሽራ ነው የምታጥቡት?»

«መስኮት ነው። ላስቲኩ አልነጣ ብሎ ነው።»

«ላስቲኩን አታነሡትም እንዴ?»

ሞጣ ውስጥ አንድ ሰው ተገኘ አልኩ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አልኳት።

«ኧረ ቀልዴን ነው!» አለች ሀሲና። «እንዴት ይነሣል? ያኔማ እንደማንም መስኮት ሊሆን አይደል።» ለስላሳ የምታቀዘቅዝበትን ፍሪጅ መታ መታ አደረገችው። ከነላስቲኩ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ሲላጥባት በፕላስተር መልሳ አጣብቃዋለች።

በረኪናውን ይዤ ስመለስ ፀሐይነሽ አቼቶ ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ሁለቱን በአንድ ባልዲ ልትቀላቅል ክዳኑን ከፍታለች። ያን ጊዜ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አቼቶውን ከእጇ ወሰድኩት።

«እነዚህ አይቀላቀሉም። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጎዳል፤ ትንፋሽ ይዘጋል።»

«ይኼም ያነጣል፣ ያም ያነጣል» አሉ አክስቴ። «ሁለት ጥሩ ነገር ተገናኝቶ እንዴት መጥፎ ይሆናል?»

«ይሆናል፣ እትዬ።»

«ኬሚስትሪ ተምረሽ ሁለት ነገር መቀላቀል ከፈራሽ ታዲያ ምንድን ነው የተማርሽው?»

ፀሐይነሽ ሳቀች። እኔ አቼቶውን ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩበትና በረኪናውን ብቻውን በውኃ በጥብጬ ተጠቀምኩበት። በረኪናው የእኔን ቀሚስ አነጣው።

ጋሽ ስጦታው ይህን ሁሉ ከበረንዳው ወንበር ሆነው ይከታተሉ ነበር። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ የማይጨርሱት ሥራ የለም። «በድስት ሽቦ ይታሽ» ብለው ፈረዱ። «ብረት ያልደፈረውን ቆሻሻ ሎሚ አይደፍረውም።» በሽቦው አንዴ እንዳሸሁት ከሰማያዊው ጽሑፍ ግማሹ አብሮ ሄደ።

አክስቴ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ጽሑፉን! ኧረ ጽሑፉን ገደለችው!»

ማዶ የወልደ ሰንበት ሚስት ብቅ ስላሉ አክስቴ ጩኸታቸውን ወደ ሳል ለወጡት። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዘው ወጡ።

«እጅ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው ይላል አባትሽ።»

«እትዬ…»

«ከጎኑ ካለው መስኮት እያየሽ እንደነበረ አድርጊው።»

ወንበር ላይ ቆምኩና ጻፍኩ። የውጩን ጽሑፍ ምን እንደሚል ሳላውቅ ገለበጥኩት። ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ግን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። «መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ ይህን ላስቲክ አንሡት» የሚለውን ትእዛዝ፣ ላስቲኩ እንዳይነሣ ስል፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ደግሜ ጻፍኩት። አክስቴ ወንበሩን ደግፈው ይዘውልኛል። «አየሽ፣ መማር ለዚህ ይጠቅማል» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ አክስቴ እንዶድ ገዝተው መጡ። ጋቢ የሚያነጣ እንዶድ መስኮት የማያነጣበት ምክንያት አልታያቸውም። ተወቅጦ፣ ከፈላ ውኃ ጋር ተበጥብጦ፣ በትኩሱ በጨርቅ እየተነከረ ፍሬሙ ላይ ተጠቀለለ። ግቢው በሙሉ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር መሰለ። ከሙቀቱ የተነሣ በበረንዳው ጥላ ሥር ያለው የሳሎኑ መስኮት ላይ የላስቲኩ ጫፍ ብድግ አለ። ከሥሩ የጣት ስፋት የሚያህል ነጭ ታየኝ። ያልተነካ፣ ያልተጫረ፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ያለ ነጭ።

«እትዬ፣ ይዩት» አልኩ። «ይዩት፤ ነጭ ነው። እስካሁንም ነጭ ነበር።»

አዩት። ከዚያ፣ «ቶሎ በማስቲሽ ለጥፊው፤ አየር እንዳይገባው» አሉኝ።

ለጠፍኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ይታያል መጣ። መጀመሪያ ማዶ ገብቶ ቆየ። እኛ በመጋረጃ ጀርባ ቆመን ሲወጣ ሲገባ እናየው ነበር፤ አክስቴ ማዶ ስንት ለስላሳ እንደተከፈተለት ለመቁጠር ይሞክራሉ። ወደ እኛ ሲሻገር ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ሆኖ አገኘሁት። አክስቴ ግን አንቱ አሉት፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ተቀበሉት።

ግቢውን፣ ክፍሎቹን፣ ውኃውን አየ። ስለ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «ደኅና ነው» አለ። መስኮቶቹ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«እነዚህ አርጅተዋል።»

«ኧረ አዲስ ናቸው!» አሉ አክስቴ። «የፋብሪካ ጽሑፋቸው እንኳ አልተነሣም። የውጭ ናቸው። ጠጋ ብለው ይዩት።»

ጠጋ ብሎ አየ። የቆመው እኔ ከጻፍኩበት መስኮት አጠገብ ነበር። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ጽሑፉ ላይ አሸት አደረገው። ጣቱ ሰማያዊ ሆነ።

«ይኼ እኮ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው።»

ጣቱን ለሁላችንም አሳየን።

«የአገር ውስጥ ዕቃ ላይ የውጭ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ነው እንዴ የምታከራዩት?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን የቀልድ አልነበረም። «ማዶ ያሉት ቢያንስ ብረት ነው ብለው ብረት አሳዩኝ።»

ጋሽ ስጦታው የዓባይ ድልድይን ታሪክ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አክስቴ ቀደሟቸው፤ በእጃቸው የቀረውን የመጨረሻ ነገር አወጡ። ያ ነገር እኔ ነበርኩ።

«እስቲ ይቀመጡ። ይህች የወንድሜ ልጅ ናት፣ ሰብለ ወንጌል። ኬሚስትሪ ነው የተመረቀችው፤ እንደ እሷ ያለ አያገኙም። ዲግሪሽን አምጪ እንጂ!»

ቦርሳውን ከፈትኩ፤ ፌስታሉን ፈታሁ፤ ፖስታውን ገለጥኩ። አቶ ይታያል ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ በተነቃነቀ ቁጥር ላስቲኩ ይንጫጫል። ዲግሪውን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ላሚኔት ያደረገው ማን ነው?»

«አባቴ።»

«እንግዲህ ይኼ አይሠራም። ለመረጋገጥ ሲላክ ማኅተም የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ አይመታም። አይቀበሉትም። ያልተረጋገጠ ዲግሪ ይዤ ደግሞ አስተማሪ አልቀጥርም።» መልሶ ሰጠኝና ዙሪያውን ተመለከተ፤ ፍሪጁን፣ ሪሞቱን፣ ሶፋውን። «በዚህ ቤት ያልተጠቀለለ ነገር አለ?»

ጋሽ ስጦታው እንግዳ ለማስደሰት ብለው ሳቁ። አክስቴም ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ከዚያ የሶፋውን ላስቲክ በመዳፋቸው ማስተካከል ጀመሩ። ያን ጊዜ አሳዘኑኝ። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስስቅባቸው የከረምኩት እኔ፣ ሌላ ሰው ሲስቅባቸው አልወደድኩትም። ሥራውም እንደሄደ፣ ቤቱም ወደ ማዶ እንደተሻገረ ገብቶኛል። የቀረ የምፈራው ነገር አልነበረም። አለዚያ አልነሣም ነበር፤ እንግዳ ባለበት ቤት ውኃ ለመጠጣት እንኳ የማልነሣ ሰው ነኝ።

ተነሥቼ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄድኩ። በማስቲሽ የለጠፍኩትን ጫፍ በጥፍሬ ፈልፍዬ ያዝኩና ወደ ታች ሳብኩት። ላስቲኩ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያወጣውን ዓይነት ረጅም ድምፅ እያወጣ ከላይ እስከ ታች መጣ። አክስቴ «ውይ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በጎን ያለውንም ሳብኩት። ከዚያ የታችኛውን።

ፍሬሙ ነጭ ነበር። ከነጭነቱ የተነሣ አጠገቡ ያለው ግድግዳ ቆሽሾ ታየ።

«መስኮቱ የውጭ ነው» አልኩ። ድምፄ እንደፈራሁት ቀጠነ፤ ግን ተሰማ። «ጽሑፉ ሲጠፋ በእስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንንም ለማታለል አይደለም። ላስቲኩን የሚያክል ነገር በዚህ ቤት ስለሌለ ነው።»

አቶ ይታያል ተነሥቶ መጣ። ሶፋው ለቀቀው። ፍሬሙን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ሙጫው ትንሽ ያዘውና እጁን በሱሪው ጠረገ። የሳብኩትን ላስቲክ፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ዲግሪ አየ።

«በይ ያንንም እንዲሁ ልጠሽ አምጪልኝ» አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የዲግሪው ፕላስቲክ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ስለተጣበቀ ሲላጥ ፊደሉን ይዞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይህን ማስረዳት ግን ለዚያ ሳቅ መልስ መስጠት ይሆናል።

«ሁሉም መስኮት እንዲህ ከሆነ ቤቱን እወስደዋለሁ» አላቸው ለአክስቴ። «የልጅቷ ነገር በወረቀቷ ነው። ምትክ ካወጣች ትምጣ። ብዙም አልጠብቅም።»

አክስቴ እስከዚያ ድረስ አፋቸውን እንደያዙ ነበር። አሁን ነጠላቸውን ለቀቁና ቀና አሉ።

«እንዶዱ ነው!» አሉ። «ትናንት በእንዶድ አሳጥቤው ነው እንዲህ የነጣው።»



ላስቲኩን ሁሉ እስክናነሣ ሰኞም ማክሰኞም አለፈ። የጥላዎቹ በቀላሉ መጡ። ፀሐይ ያገኛቸው ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተበጣጠሱ በሙቅ ውኃና በምግብ ዘይት ነው የተላጡት። አክስቴ ከዚያ ሁሉ ቁራጭ ውስጥ ጽሑፋቸው ሙሉ የሆኑትን መረጡ፤ አጥፈው ቡፌው ውስጥ አስቀመጧቸው። «ሰው ከተጠራጠረ አሳየዋለሁ» አሉ። ከመረጧቸው ውስጥ አንዱ በእኔ እስክሪብቶ የተጻፈው ነበር።

የእንዶዱ ወሬ ከእኔ በፊት ቢቸና ደረሰ። ፀሐይነሽ ቪዲዮ ሠርታበት ነበር፤ በሕይወቷ የሠራችው የመጀመሪያ ሙያ እሱ ነው። የወልደ ሰንበት ሚስት ጥቁር የብረት መስኮታቸውን በእንዶድ ሲያሹ እኔው ራሴ አይቻቸዋለሁ። ቤት ስገባ እናቴ ስለ ሥራው ከመጠየቋ በፊት «እንዶዱ የሚነከረው በቀዝቃዛ ነው በሙቅ?» አለችኝ። ላስቲክ ነው ያነሣነው አልኳት። «እሱማ ይነሣል፤ ግን በቀዝቃዛ ነው በሙቅ?» አለች። ቤታችን ያለው መስኮት የእንጨት ነው።

በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ዩኒቨርሲቲው ምትክ ዲግሪ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ላሚኔቱን ስታይ ምንም አላለችም፤ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ካለው ቁልል ላይ ጣል አደረገችው። ቁልሉ በሙሉ ያብለጨልጭ ነበር። ምትኩ ሲደርስ አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞት ተነሣ።

«ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ» አለ።

«አይሆንም አባዬ» አልኩና ከእጁ ወሰድኩት። በሕይወቴ ከአባቴ እጅ ነገር ስወስድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም እንደ እኔ ደነገጠ፤ መልሶ ተቀመጠ።

ዲግሪውን አስረጋግጬ ማኅተሙን አስመትቼ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። አቶ ይታያል የአክስቴን ሳሎን ቢሮ አድርጎታል። የሚሽከረከር አዲስ ወንበር አስመጥቷል፤ የወንበሩ ላስቲክ አልተነሣም። ወረቀቴን ሲቀበል ተንጫጫ፤ ወደ ብርሃኑ ሲያዞረው ተንጫጫ፤ «አሁን ደኅና ነው» ብሎ ወደ ኋላ ሲደገፍ እንደገና ተንጫጫ።

ውሉን ሰጠኝ፤ ፈረምኩ፤ ሰኞ ማስተማር ጀመርኩ።